ከላይ ያለው ማነው?

ባለፈው እትም አንድ ወንድማችን ስለ አብሰርድ ቴአትር ሲጽፍ «የጠገበ ሰው ጨዋታ ነው» ብሎ ነገሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘጋው። አውሮጳ ሁለት ጦርነት ተዋግታ፣ ደክማ፣ ኋላም ጠግባ፣ በጥጋቧ መካከል «ሕይወት ትርጉም የላትም» ብላ ማልቀስ ጀመረች፤ እኛ ግን ገና እንጀራ ያልሞላልን ሰዎች ስለሆንን ይህ ልቅሶ አይመለከተንም ነው የሚለው። ክርክሩ አዲስ አይደለም። በዚህ ግቢ «ጥበብ ለጥበብ» እና «ጥበብ ለሕዝብ» እየተባባሉ ሲነታረኩ የኖሩት ታላላቆቻችን ሁሉ አንድ አንድ ጊዜ አንሥተው የጣሉት ነው። በበኩሌ ወንድሜን ለመስደብ አልተነሣሁም፤ እንዲያውም ግማሽ እውነት ይዟል እላለሁ። ዳሩ ግን የያዘውን ግማሽ አገላብጦ አላየውም። ወለፈንዲው የሚበቅለው በጥጋብ መካከል ከሆነ፣ «ለምን ያለቅሳሉ?» ከማለት በፊት «ለመሆኑ ማነው የሚያጠግባቸው?» ብሎ መጠየቅ ይገባ ነበር።

የሃሮልድ ፒንተርን «ዘ ደም ዌይተር» እንውሰድ። ስሙን ወደ ቋንቋችን ብንመልሰው «ዲዳው አስተናጋጅ» ማለት ነው። በእንግሊዝ አገር በትልልቅ ቤቶችና ሆቴሎች ውስጥ፣ ከምድር ቤቱ ወጥ ቤት ወደ ላይኛው መብል ቤት ሳህን የምታመላልስ፣ በገመድ የምትሳብ ሳጥን አለች፤ ስሙ የእሷ ነው። ምግብ ታቀርባለች፤ አትናገርም፣ አትሰማም፣ አታይም። ለባለቤቶቹ ይህ ቀላል ጥቅም አልነበረም። ሥጋ ለባሹ አሽከር ከገበታው አጠገብ ቆሞ የሚሰማውን ወሬ ሳጥኗ አትሰማማ!

ፒንተር ተውኔቱን የጻፈው በ1957 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው)፤ መጀመሪያ በ1959 በፍራንክፈርት በጀርመንኛ፣ በ1960 ደግሞ በለንደን ታየ። አንድ ገቢር ብቻ ናት። ቤንና ገስ የሚባሉ ሁለት ሰዎች በርሚንግሃም ከተማ፣ መስኮት በሌለው ምድር ቤት አልጋ ላይ ጋደም ብለው ትእዛዝ ይጠብቃሉ። ሥራቸው ሰው መግደል ነው፤ ዛሬ የሚገደለው ማን እንደሆነ ገና አልተነገራቸውም። ድንገት ከግድግዳው ውስጥ ሳጥኗ ድው ብላ ትወርዳለች። በውስጧ ቁራጭ ወረቀት አለ፤ ሁለት ስቴክ ከድንች ጥብስ ጋር፣ ሁለት ፑዲንግ፣ ሁለት ሻይ ያለ ስኳር። ቀጥሎ ሾርባ፣ ጉበት በሽንኩርት። ከዚያ የግሪክ ምግብ፣ የቻይና ምግብ፣ ስሙን እንኳ አንብበው የማይጨርሱት ነገር ሁሉ ይታዘዛል። ሁለቱ ነፍሰ ገዳዮች ታዲያ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? «እኛ ወጥ ቤቶች አይደለንም» አላሉም። ቦርሳቸውን አራግፈው ያላቸውን ብስኩት፣ ቺፕስ፣ ቸኮላታ፣ ኬክ፣ ሻይ ቅጠልና ወተት ሰቀሉላቸው። ከላይ የመጣው መልስ ምስጋና አይደለም፤ ኬኩ ደርቋል፣ ቸኮላታው ቀልጧል፣ ወተቱ ኮምጧል፣ ብስኩቱም ሻግቷል። ቤን፣ ያ ሽጉጥ በብብቱ የታጠቀ ሰውዬ፣ በግድግዳው ላይ ባለው የመነጋገሪያ ቧንቧ አፉን አስጠግቶ ይቅርታ ይጠይቃል።

ተመልካች እዚህ ላይ ይስቃል። ሳቁ ሲያልቅ ግን አንድ ነገር ይጎረብጣል፤ ከላይ ያለው ማነው?

በክፍል ውስጥ የሚሰጠን መልስ የታወቀ ነው። ማርቲን ኤስሊን በ1961 «ቴአትር ኦቭ ዚ አብሰርድ» የሚለውን መጽሐፉን ካሳተመ ወዲህ ቤኬትን፣ ዮኔስኮን፣ ፒንተርን በአንድ ጥላ ሥር ማየት ለምደናል፤ ሰው ይጠይቃል፣ ዓለም አይመልስለትም፣ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት አብሰርድ ይባላል። እንግዲህ በዚህ ዓይን ሲታይ ከላይ ያለው ዝም ያለው እግዜር ነው፣ ወይም ባዶ ሰማይ ነው። ጥሩ ፍቺ ነው፤ ለፈተናም ይበቃል። እኔን የሚያሳስበኝ ምቾቱ ነው። ከላይ ያለውን ሰማይ ድረስ ከሰቀልነው ማንም አይጠየቅም። የመጀመሪያው ትእዛዝ እኮ ሁለት ስቴክ ነው! ስቴክ የሚያዝዝ እግዜር የት አለ? ስቴክ የሚያዝዝ የራበው ሰው ነው።

ያው የኤስሊን መጽሐፍ የሚጀምረው በአንድ እስር ቤት ታሪክ ነው። በኖቬምበር 1957 የሳን ፍራንሲስኮ ተዋንያን የቤኬትን «ጎዶን በመጠበቅ ላይ» ይዘው ካሊፎርኒያ ወደሚገኘው ሳን ኩዌንቲን እስር ቤት ሄዱ። የሚጠብቃቸው 1400 ያህል እስረኛ ነበር። የተማረው የአውሮጳና የአሜሪካ ተመልካች ግራ ገብቶት ጥሎት የወጣውን ቴአትር እነዚህ ወንጀለኞች እንዴት ሊቀበሉት ነው ተብሎ ተፈራ። እነሱ ግን ጸጥ ብለው አዩት፤ ገባቸውም። መጠበቅ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ፍቺ አያስፈልገውማ። ከዚህ ታሪክ አብዛኛው ሰው የሚወስደው «ታላቅ ጥበብ ለሁሉም ይደርሳል» የሚለውን ነው። እኔ የምወስደው ሌላ ነው። ተውኔቱ ያው ነው፤ የተለወጠው ወንበሩ ነው። ስለዚህ ጥያቄውን ገልብጬ ላቅርበው፤ «ዲዳው አስተናጋጅ»ን ከታች ሳይሆን ከላይኛው ፎቅ፣ ትእዛዙ ከሚነሣበት ቦታ ተቀምጦ ያየ ሰው ምን ያያል?

ነገሩን ከሐሳብ አውርጄ እንዳየው ያደረገኝ አጋጣሚ አለ። ባለፈው ዓመት የቴአትር ቡድናችን ሁለት አጫጭር ተውኔቶች ይዞ ወደ አንድ የሐይቅ ዳር ከተማ ተጋብዞ ነበር። አንዱ ይኸው የፒንተር ነው። ሌላው የቤኬት «ቃል የሌለው ትዕይንት» ነው፤ እሱም በ1957 ለንደን የታየ። በዚህኛው አንድ ሰው በረሃ ላይ ተወርውሮ ይወድቃል። ፊሽካ በተነፋ ቁጥር ከላይ አንድ ነገር ይወርድለታል፤ ዛፍ፣ መቀስ፣ ሣጥኖች፣ ገመድ፣ እንዲሁም «ውኃ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ማሰሮ መሰል ብርጭቆ። እጁን ሲዘረጋ ውኃው ወደ ላይ ይሸሻል። ሣጥን በሣጥን ላይ ደራርቦ ቢወጣም ይሸሻል። ኋላ ተስፋ ቆርጦ ሲጋደም ውኃው ራሱ ወርዶ ፊቱ ላይ ይወዛወዛል፤ ሰውየው አሁን አይነቃነቅም፣ እጆቹን ብቻ ያያል።

በሁለቱም ተውኔቶች ገመድ ሳቢው እኔ ነበርኩ። ከግድግዳው ጀርባ ጠረጴዛ ላይ ቆሜ፣ ትንሽ ባትሪ በጥርሴ ነክሼ፣ ጽሑፉን በአንድ እጄ ገመዱን በሌላው ይዤ፣ ተራው ሲደርስ ወረቀቷን ከሳጥኗ ጨምሬ እለቃለሁ። ከታች ጓደኞቼ ሲርበተበቱ፣ አዳራሹም ሲስቅ ይሰማኛል። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ሊቃውንቱ አርባ ዓይነት ፍቺ የሰጡት «ከላይ ያለው» በዚያ ምሽት እኔ ነበርኩ። ምን አሰብኩ? ምንም። ክፋትም ርኅራኄም አልነበረኝም። ገመዱ እንዳይያዝ፣ ተራው እንዳያልፈኝ ብቻ ነበር የምጠነቀቀው። እኔም በጽሑፉ ታዝዤ ነው።

ጋባዣችን በከተማው ካሉት ሁሉ ውድ በሆነው ሆቴል ሁለት ሌሊት አሳደረን። ስሙ ይቅር። ውኃ በፈረቃ በሚመጣባት ከተማ እዚያ ሌሊቱን ሙሉ ፍል ውኃ አለ። በየማታው ማንም ሳይጠይቅ በአልጋው ራስጌ የታሸገ ውኃ ይቀመጣል፤ ሲዘረጉለት የማይሸሽ ውኃ። ከምሽቱ 5 ሰዓት ሲሆን ራበኝና በቆዳ የተለበጠውን የምግብ ዝርዝር ገልጬ፣ ስልኩን አንሥቼ ሾርባ አዘዝኩ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ በሩ ተንኳኳ። የመጣው ሰው ከአባቴ ቢበልጥ እንጂ አያንስም።

«ይግቡ ጋሼ።»

«የት ላስቀምጥልዎት ጌታዬ?»

«ኧረ አንቱ አይበሉኝ፤ ልጅዎ እኮ ነኝ።»

«ሕጉ ነው ጌታዬ» አለና ሳቅ አለ። ሾርባውን ከማስቀመጡ በፊት ከወረቀቱ ላይ የክፍሉን ቁጥር አንብቦ አረጋገጠ። ወጥ ቤቱ የት እንደሆነ ጠየቅሁት። ምድር ቤት ነው። በአሳንሰር ነው የመጣው፤ እንግዶች በሚወጡበት ሳይሆን ለሠራተኛ በተለየው። መልካም ሌሊት ተመኝቶልኝ፣ ጀርባውን ሳይሰጠኝ ወጣ።

ሾርባው ጥሩ ነበር፤ ጠጣሁት። ሐሳቤን የያዘው ያ ወረቀት ነው። ከታች ስሜ አልደረሰም፤ ዕድሜዬ፣ ተማሪ መሆኔ፣ ክፍያው የእኔ አለመሆኑ አልደረሰም። የደረሰው ቁጥርና ሾርባ ነው። ከጥቂት ሰዓት በፊት በገመድ የለቀቅኋት ወረቀት ቁርጥ እሷን! የፒንተር ተመልካች ከላይ ያለው አንድ አስፈሪ ኃይል ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን እዚያ ሊገኝ የሚችለው እግሩን አጣጥፎ አልጋ ላይ የተቀመጠ፣ ማንንም የማይጠላ፣ ሾርባ ያማረው ሰው ነው። አስፈሪውም ይኸው ነው። ጨካኝ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ስለታቹ ያስብ ነበር።

ጆርጅ ኦርዌል ይህን ከታች በኩል አይቶታል። በ1933 ባሳተመው የፓሪስና የለንደን የድህነት ኑሮው መጽሐፍ ውስጥ «ሆቴል ኤክስ» ብሎ በሰየመው የፓሪስ ትልቅ ሆቴል ሳህን አጣቢ ሆኖ መሥራቱን ይተርካል። ከጻፈው ሁሉ የማይረሳኝ የበሩ ነገር ነው። ከበሩ ወዲህ ሙቀት፣ ላብ፣ እድፍ፣ ስድብ፤ ከበሩ ወዲያ መስተዋት፣ አበባ፣ ነጭ ጨርቅ። አስተናጋጁ ሲሳደብ ቆይቶ በሩን ባለፈ ቅጽበት ትከሻው፣ ፊቱ፣ አረማመዱ ይለወጣል። ይህን ለውጥ እኔ ከመጋረጃ ጀርባ በደንብ አውቀዋለሁ፤ ተዋናይ ወደ መድረክ ሲወጣ እንዲሁ ነው። ልዩነቱ ተዋናይ መጨረሻ ላይ እጅ ነሥቶ ይጨበጨብለታል፣ ከዚያ ጭምብሉን አውልቆ ከእኛ ጋር ሻይ ይጠጣል። ኦርዌል የሚደርስበት ፍርድ ጠንካራ ነው፤ ምቾት የሚባለው አብዛኛው ይስሙላ ነው፣ ብዙ ሰው የሚደክመው ጥቂቶች በእውነት ለማይፈልጉት ነገር ብዙ ገንዘብ እንዲከፍሉ ነው ይላል። እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ አልከተለውም። ፍል ውኃና ንጹሕ አንሶላ ይስሙላ አይደሉም፤ እውነተኛ ደስታ ናቸው፤ አይደሉም የሚል ካለ የመኝታ ክፍላችንን ፍራሽ ይየው።

«የነጮች ጣጣ ነው፤ በኛ ባህል እንግዳ ክቡር ነው» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፣ የመሸበት መንገደኛ «የእግዜር እንግዳ» ብሎ ሲጣራ በሩ ይከፈትለታል፣ እግሩ ይታጠባል፣ ያለው ይቀርብለታል። ዳሩ ግን እግሩን የሚያጥበው ማን ነበር? አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ ልጅ ወይም ገረዷ። በቤተ መንግሥቱ ግብርም ንጉሡ የሚበሉት ከመጋረጃ በስተጀርባ ነበር፤ መጋረጃው የሚገለጠውና ሹማምንቱ፣ ቀጥሎም ጭፍራው በየማዕረጉ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ የማይታይ ላይኛ ከውጭ አገር የመጣልን ዕቃ አይደለም። ሆኖም አንድ ነገር አለን፤ ቋንቋው ራሱ ያስቀመጠልን። ጉርሻ። ጉርሻ ስንል በገበታ ላይ በእጅ ጠቅልሎ በሌላው አፍ ማጉረስ ነው፤ ጉርሻ ስንል ደግሞ ለአስተናጋጅ የምንተወው ፍራንክ ነው። አንድ ቃል፣ ሁለት የማይገናኙ ሥራዎች። የመጀመሪያው ፊቱን ሳያዩ፣ ከንፈሩን ሳይነኩ፣ «በሞቴ» ሳይሉ አይሆንም፤ ተቀባዩም አጸፋውን ካልመለሰ ነውር ነው። ሁለተኛው ከሳህን ሥር ይቀመጥና ሰጪው ከወጣ በኋላ ይነሣል። ከአንዱ ወደ ሌላው ቃሉ እንዴት እንደተሻገረ አላጠናሁም፤ መንገዱ ግን ከምድር ቤት እስከ ላይኛው ፎቅ ያህል ይረዝማል።

ወለፈንዲ ፍለጋ ፓሪስ ድረስ መሄድም አያስፈልግም። በ1969 የተከፈተው የአዲስ አበባ ሂልተን መዋኛው በላሊበላው የቤተ ጊዮርጊስ መስቀል ቅርጽ የተሠራ ነው፤ የሚሞላውም ከመሬት ሥር በሚፈልቀው ፍል ውኃ ነው። ዮኔስኮ ቢያየው ተውኔት ይጽፍበት ነበር። አለቱን ፈልፍለው ቤተ መቅደስ ያወጡት ሰዎች ስም የለም፤ ቅርጹ ግን አለ፤ ይዋኙበታል።

የኢኮኖሚክስ ተማሪ የሆነ ጓደኛዬ ይህን ጽሑፍ ገና በረቂቁ አንብቦ ሳቀብኝ። «ሆቴሉ ባይኖር ሰውዬው ሥራ አጥ ነበር። ያንተ ሾርባ የልጆቹ ደብተር ነው። አንተ በኅሊናህ ስትብሰለሰል እሱ የሚፈልገው ሌላ ሾርባ እንድታዝዝ ነው።» ትክክል ነው፤ መልስ የለኝም። ሾርባ ባለማዘዝ የሚድን ሰው የለም። ቤንና ገስም እኮ ይከፈላቸዋል። ክፍያው ምግቡንና ድካሙን ይሸፍናል እንበል። የማይሸፍነው ጥያቄን ነው። ያ ጋሼ ስለ እኔ እንቅልፍ፣ ስለ ትራሴ፣ ስለ ሾርባዬ ሙቀት ሊጠይቀኝ ይችላል፤ «ልጄ፣ ማነህ? ለምን መጣህ?» ሊለኝ ግን አይችልም። ሕጉ ነው። ሳጥኗ ሳህን ትወስዳለች፤ ጥያቄ አትወስድም። ጓደኛዬ «ታዲያ መጠየቅ ማንን አብልቶ ያውቃል?» አለኝና ሄደ።

ወደ ላይ መጠየቅ መቻል ምን ያህል ዋጋ እንዳለው አንዳንዴ የሚታወቀው ላይኞቹ ሲያጡት ነው። በኖቬምበር 2017 በሪያድ ከተማ የሳዑዲ መንግሥት መሳፍንትን፣ ሚኒስትሮችንና ባለጸጎችን ይዞ በሪትዝ ካርልተን ሆቴል አሰራቸው። አልጋው ያው፣ ምንጣፉ ያው፣ መብራቱም ያው ነው። የጎደለው በሩን ከፍቶ መውጣትና «ማነው ያዘዘው?» ብሎ መልስ ማግኘት ብቻ ነው። በዚያው ዘመቻ ከተያዙት አንዱ የሸራተን አዲስ ባለቤት ሼክ መሐመድ ሁሴን አል አሙዲ ነበሩ፤ የተለቀቁት በጃንዋሪ 2019 ነው። ሪትዝ ካርልተን ግን በፌብሩዋሪ 2018 እንደገና ለእንግዳ ተከፍቷል። አንሶላው ተቀይሮ መሆን አለበት።

እዚህ ላይ ገስን ላንሣ፤ ተውኔቱን የምወደው በሱ ምክንያት ነው። ከሁለቱ ታናሽ የሚመስለው፣ ነገር የሚያበዛው፣ ቤን «ዝም በል» የሚለው እሱ ነው። ሲጨቀጭቅ ከሚያነሣው ሁሉ አንዱ፣ እኛ ገድለን ስንሄድ የሚያጸዳው ማነው የሚል ነው። ቤን በንቀት ይመልስለታል፤ ድርጅቱ ለሁሉም ነገር ክፍል አለው። የሆቴል ሰው ይህን መልስ ያውቀዋል፤ ለአንሶላው ክፍል አለ፣ ለፎጣው ክፍል አለ፣ ለሾርባው ክፍል አለ። ገስ ግን አይረካም። ከላይ ያሉት ሻይ አምጡ ሲሉ፣ እሱ ራሱ ሌሊቱን ሙሉ ሻይ ሲጠማ ማደሩን፣ ጋዙ አልቆ ለቆጣሪው የሚጨመር ሽልንግ ማጣቱን ያስባል፤ ጋዝ እንደሌለ እያወቁ ክብሪት የላኩልን ለምንድነው ብሎ ይጠይቃል። በመጨረሻም ቧንቧውን ይዞ ወደ ላይ ይጮኻል። ነፍሰ ገዳይ ነው፤ ጻድቅ አላደርገውም። ነገር ግን በዚያ ቤት ውስጥ ከታች ወደ ላይና ከራሱ ወደ ኋላ የጠየቀ እሱ ብቻ ነው። ውኃ ሊጠጣ ሲወጣ ለቤን ትእዛዝ ይመጣለታል፤ በሌላኛው በር ተገፍትሮ የሚገባው ገስ ነው፣ ኮቱን፣ ሰደርያውን፣ ክራቫቱን፣ ሽጉጡን ተገፎ። ሁለቱ ይተያያሉ። ያልቃል።

በዚያ ምሽት ሲያልቅ ሕዝቡ አጨበጨበ፣ ቤንና ገስ እጅ ነሡ። ገስን የሠራው ልጅ ግን ከመድረኩ ዘወር ብሎ ግድግዳውን ደበደበና «ውጣ እንጂ!» ብሎ ጠራኝ። አዘጋጃችን በዓይኑ ከለከለኝ። ከላይ ያለው ከታየ ተውኔቱ ፈረሰ ነው የሚለው። ገስ ደግሞ ገመዱን የያዘው ልጅ አቧራ ለብሶ ቢታይ ነው እውነቱ ይላል። ፒንተር እንዲህ ያለ ነገር አልጻፈም፤ ስለዚህ ሕጉ የአዘጋጃችን ነው። በመመለሻችን አውቶቡስ ውስጥም ሲከራከሩ ነበር። በሚቀጥለው ወር በግቢያችን አዳራሽ እንደገና ስናሳየው ገመዱን የሚስበው አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነው፤ እሱ ለመውጣት ፈቃደኛ ነኝ ብሏል። አዘጋጃችን ገና እሺ አላለም።